እስከ ድሬዳዋ ድረስ

ልጄን ለትምህርት ወደ ሀንጋሪ የሸኘኋት ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የእርሷ መንገድ ከሐረር ተነስቶ በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባና በቪየና አድርጎ ደብረጸን እስከምትባል ከተማ የሚዘልቅ ሲሆን፣ የእኔ ድርሻ ግን ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ያለችው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበረች። የከተማዋን ስም መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ የገዳም ስም መስሎኝ ነበር፤ ባለቤቴም «ደብረ» የሚለውን ስትሰማ ልቧ ትንሽ እንደ መርጋት ብሎላት፣ ከዚያ ወዲህ የአገሩን ስም ትታ ሁልጊዜ በከተማዋ ስም ነው የምትጠራው።

ቦሌ ድረስ አብሬያት ያልሄድኩት አቅም አንሶኝ ነው። ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም የተባለው የሀንጋሪ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል የትምህርቱን ክፍያ፣ ማደሪያንና ወርኃዊ የኪስ ገንዘብን ይሸፍናል፤ የአውሮፕላን ትኬት ግን የቤተሰብ ዕዳ ነው። የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ የእርሷን ትኬት የቆረጥኩት የእቁብ ተራዬን ከጎረቤት ጋር ተለዋውጬ ነው። ለእኔ የሚሆን ሁለተኛ ትኬት የማይታሰብ ነበር።

ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ባለቤቴ በርበሬውን አስፈጭታ፣ ሽሮውን አዘጋጅታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ቋንጣውን አድርቃ ከጨረሰች በኋላ ነው ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድለት ልጃችን የነገረችን። ቋንጣው ሲቀር ባለቤቴ ምንም አላለችም። ቅቤው ሲቀር ግን ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። የተረፈውን በሁለት ሻንጣ ከትተን፣ ለእያንዳንዱ የተፈቀደው 23 ኪሎ ስለሆነ ሸዋ በር አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ቡና ነጋዴ ወስደን በሚዛኑ አስመዘንናቸው። ሁለቱም ልክ 23 ኪሎ ሆኑ፤ እኔም የቤቱን ኃላፊነት በሚገባ እንደተወጣ ሰው ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ከሐረር የተነሳነው ከሰዓት በኋላ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ለሻንጣዎቹ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፈለን፤ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እከራከረው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ልጄ ከእኔ የምትሰማው የመጨረሻው ነገር የሒሳብ ጭቅጭቅ እንዲሆን አልፈለግሁም። አወዳይንና ሐሮማያን በዝምታ አለፍናቸው። ደንገጎ ላይ መንገዱ ወደ ታች መጠምዘዝ ሲጀምር ሹራቧን አወለቀች፤ ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ በአንዲት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከክረምቱ ብርድ ወጥተን ትኩስ አየር ውስጥ ገባን።

ከዚራ ውስጥ በስልክ 800 ብር ተባብለን የያዝነው አልጋ ስንደርስ 1,400 ብር ሆኖ ጠበቀን። ምክንያቱን ስጠይቅ እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ሰው ክፍሉ ቬንትሌተር እንዳለው ነገረኝ። በእርግጥም ቬንትሌተር ነበረው፤ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ግን እርሱም ቆመ። አጎበሩ በሁለት ቦታ ተቀዷል፤ ድሬዳዋ ደግሞ ወባም ደንጊም የሚታይባት ከተማ ናትና በዚያ ሌሊት ልጄ ትኩሳት ይዛ እንዳትሄድ የነበረኝን ፍርሃት መግለጽ ያቅተኛል። ቀዳዳዎቹን በነጠላዬ ቋጥሬ፣ የቅበላ ደብዳቤዋንና የትምህርት ማስረጃዎቿን የያዘውን የፕላስቲክ ፋይል አንስቼ እያራገብኩላት አደርኩ። ልጅ ሳለች ስትተኛ እንደምታደርገው አንድ እጇን ጉንጯ ሥር አስገብታ ነበር። እጄ ሲዝል አቆማለሁ፤ ግንባሯ ላብ ማውጣት ሲጀምር ደግሞ እቀጥላለሁ። ክፍሉ መጥፎ ነበር፤ የተጠየቅነውም ዋጋ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ነገር ግን ልጄን ተኝታ እያየሁ ያደርኩት ስንት ዓመት ቆይቼ እንደሆነ ማስታወስ አልቻልኩም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የመጣው የባጃጅ ሾፌር ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። አንዱን ሻንጣ ከኋላ በገመድ አስሮ፣ ሌላውን ከእግራችን ሥር አስቀምጦ፣ ዓይኔን ሲያይ «አቦ ጋሼ፣ አይዞን!» አለኝ። ድሬዳዋ ላይ «አይዞህ» አይባልም፤ «አይዞን» ነው የሚባለው፤ የሚያጽናናህ ሰው ራሱንም ጨምሮ ያጽናናሃል። ለሻንጣዎቹ ጭማሪ ሒሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለ።

አውሮፕላን ማረፊያው ለከተማው ቅርብ በመሆኑ ቶሎ ደረስን፤ እኔ እንዲርቅ ነበር የተመኘሁት። ተጓዥ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። ልጄ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል በትከሻዋ ይዤ አነሳኋትና «በሰላም ሄደሽ በሰላም ተመለሺ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ» ብዬ መረቅኋት። ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ስለነበር ከዚያ በላይ መቆም አልተቻለም። መስታወቱ የሚያሳየው የውጭውን ብርሃን ብቻ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ያየሁት የራሴን መልክ ነበር።

አውሮፕላኑ ሳይነሳ መሄድ ስላልሆነልኝ አጥሩን ተደግፌ ቆየሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የሽሮ ከረጢት ይዞ ወጣና «የልጅቷ አባት እርስዎ ነዎት? አንደኛው ሻንጣ ሁለት ኪሎ በለጠባት፤ ይህን ለአባቴ ስጥልኝ ብላኝ ነው» አለኝ። የቡና ነጋዴው ሚዛን አሳስቶናል። ሰውዬው ከረጢቱን ካስረከበኝ በኋላ ጥቂት ሄዶ ተመለሰና፣ ሳልጠይቀው «እያለቀሰች አይደለም ጋሼ፤ ደህና ናት» አለኝ። ስሙን ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ሐረር ከመመለሴ በፊት ወደ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ድሬዳዋ ሐዲዱ በደረሰበት በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እኔም ከዚሁ ጣቢያ ነው በ1978 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሄድኩት። አባቴ ከሐረር አብሮኝ ወርዶ ነበር። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበት አደጋ ከሰው አፍ ገና አልጠፋም። አባቴ ስለዚያ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ብቻ የተቀመጥኩበትን ፉርጎ አይቶ አስነሳኝና ባቡሩ መሀል ላይ ወዳለው ፉርጎ አዛወረኝ። «ለምን?» ስለው «ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለኝ። ባቡሩ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ እጁን መስኮቱ ላይ አድርጎ መድረኩ እስኪያልቅ ድረስ አብሮኝ ተራመደ። አባትም ልጅም መተያየት የሚችሉበት እንዲህ ያለ ሽኝት ከዚህ ከተማ መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

የከሰዓቱ በረራ ቢሰረዝስ በሚል ስጋት የማለዳውን ያስያዝኩላት እኔ ነኝ፤ በዚህም ምክንያት ማታ እስክትሳፈር ድረስ ቀኑን አዲስ አበባ ከአጎቷ ዘንድ ትውላለች። ወደ ሐረር በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሽሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምሰጣት ሳወጣ ሳወርድ፣ ሐሮማያ ሐይቅ አጠገብ ስልኬ ጮኸ። አጎቷ ተቀብሏታል፤ ቁርስም በልታለች። ከቪየና ቡዳፔስት፣ ከቡዳፔስትም ደብረጸን የምትሄደው በባቡር እንደሆነ ነገረችኝ።

«መሀል ላይ ካለው ፉርጎ ተሳፈሪ» አልኳት።

«ለምን አባዬ?»

«ዝም ብለሽ ተሳፈሪ።»