የሰንጋኩጂ መቃብሮችና የአንድ ጭንቅላት ደረሰኝ

ሰንጋኩጂ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ የሚገኘው ቶኪዮ ውስጥ ታካናዋ የሚባል ሰፈር ነው። በስሙ የሚጠራ የባቡር ጣቢያ አለ፤ ከዚያ ወጥታችሁ ትንሽ ዳገት ከሄዳችሁ በሩ ላይ ናችሁ። ዙሪያው ፎቅ በፎቅ ነው። ቤተ መቅደሱን በ1612 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፋቸው) ያሠራው የጃፓን ገዥ የነበረው ቶኩጋዋ ኢኤያሱ ሲሆን፣ ያኔ የነበረው ከኤዶ (የያኔዋ ቶኪዮ) ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው። በ1641 ሲቃጠል አሁን ወዳለበት ተዛወረ።

ሰው የሚጎርፈው ግን ለመቃብሮቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1701 የአኮ ግዛት ገዥ አሳኖ ናጋኖሪ፣ ኪራ ዮሺናካ የተባለውን የሥነ ሥርዓት ሹም እዚያው በሾጉኑ፣ ማለትም በጃፓን ወታደራዊ ገዥ፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰይፍ መዞ አቆሰለው። ቂም ነበረበት። በቤተ መንግሥት ሰይፍ መምዘዝ ከባድ ወንጀል ስለሆነ አሳኖ በዚያው ቀን ራሱን እንዲገድል ተፈረደበት፣ ግዛቱም ተወረሰ። ኪራ ግን ከቁስሉ ተረፈ፣ ተሳስተሃል እንኳን አልተባለም፤ ሰይፍ አልመዘዝክም ተብሎ ያለ ምንም ቅጣት ታለፈ። የአሳኖ ሎሌዎች ጌታ የሌላቸው ሳሙራዮች፣ ማለትም ሮኒን ሆኑ። አለቃቸው ኦይሺ ኩራኖሱኬ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አድብቶ ቆየና በጥር 1703 አንድ ሌሊት 47 ሆነው የኪራን ቤት ሰብረው ገቡ። ገደሉት። ጭንቅላቱን ይዘው ከተማውን በእግር አቋርጠው እዚህ፣ የጌታቸው መቃብር ድረስ መጡ።

በሩ ጋ የኦይሺ ሐውልት ቆሟል፤ በእጁ የጓደኞቹ ስም የሰፈረበትን የቃል ኪዳን ጥቅልል ይዟል። ከዚያ ወደ መቃብሩ ስትወጡ መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ታገኛላችሁ። የኪራን ጭንቅላት ለጌታቸው ከማቅረባቸው በፊት ያጠቡት በዚህች ጉድጓድ ውኃ ነው። በድንጋይ ታጥራለች። ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ያልፋል፣ እኔ ግን ትንሽ ቆየሁ። በዚያ ብርድ፣ ሌሊቱን ሲዋጉ አድረው፣ ጎንበስ ብለው ያጠቡትን ሰዎች ማሰብ ቀላል አይደለም።

መቃብሩ መግቢያ ላይ ዕጣን ይሸጣል። ቀጫጭን ዘንግ ነው፣ እሳት ተለኩሶበት በእስር ይሰጣችኋል፣ እናንተ ደግሞ እየዞራችሁ በየመቃብሩ ፊት ታስቀምጣላችሁ። እኛ ቤት ከሰል ላይ ከምናጨሰው ዕጣን ሽታው ይለያል፣ ደረቅ እንጨት እንጨት ይላል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። እስሩን በአንድ እጄ ይዤ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ስነጥል አመዱ ጣቴ ላይ እየረገፈ ዞርኩ። ከፊቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት ማንንም ሳይዘሉ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያሉ ነበር፤ እኔም የእሳቸውን አይቼ እንደዚያው አደረግኩ።

ዕጣኑን ይዞ መዞር ጥሩ ነገር አለው፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ እንድታዩአቸው ያስገድዳችኋል። ታሪኩ ሲወራ "አርባ ሰባቱ" ይባልና ያልፋል። በዘመኑ የጃፓን የዕድሜ አቆጣጠር ግን ሆሪቤ ያሄይ የ77 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የኦይሺ ልጅ ቺካራ ደግሞ 16 ዓመቱ ነው። አሥራ ስድስት! ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አራት መሳፍንት ቤት ተከፋፍለው በእስር ቆዩ፣ በመጋቢት 1703 እዚያው በየቤቱ ሴፑኩ፣ ማለትም ሆድን በስለት ቀዶ ራስን መግደል፣ እንዲፈጽሙ ተደረገ። እዚህ የተቀበሩትም ታስረው በነበሩበት ቤት ተመድበው ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ ጎን ለጎን አይደሉም። የሁለቱም መቃብር ላይ ከሌሎቹ በተለየ ትንሽ ጣራ አለ፣ ግን ተራርቀው ነው ያሉት። ከግቢው ሁሉ ልቤን የነካው ይሄ ነው።

ሴፑኩ የፈጸሙት 46 ናቸው። ተራሳካ ኪቺኤሞን የተባለው ከዘመቻው በኋላ ከጓደኞቹ ተለየ፣ ከቅጣትም ተረፈ፣ አርጅቶ ሞተ። ለእሱም እዚሁ ድንጋይ ቆሞለታል። ከዘመቻው በፊት ራሱን ለገደለው ለካያኖ ሳምፔይም እንዲሁ፤ አባቱ ሌላ ጌታ ዘንድ እንዲያድር ሲፈልጉ፣ ለጓደኞቹ የገባው ቃል ደግሞ ሲይዘው፣ መሐል ላይ ቀረ።

ግቢው ውስጥ ትንሽ ሙዚየም አለ፣ መግቢያው 500 የን ነው። እባካችሁ እንዳትዘሉት። እዚያ አንድ ወረቀት አለ፤ የቤተ መቅደሱ መነኮሳት የኪራን ጭንቅላት ለቤተሰቡ ሲመልሱ የኪራ ሰዎች ፈርመው የሰጡት የርክክብ ደረሰኝ። አንድ ጭንቅላት ተረክበናል ነው የሚለው። የዕቃ ማስረከቢያ በሉት። እዚያ ወረቀት ፊት ቆሜ ለኪራ አዘንኩለት። በታሪኩ ውስጥ ሁሌ ክፉው እሱ ነው፣ ለእሱ ዕጣን የሚያጨስ የለም፤ ግን እሱም ስልሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበር፣ ጭንቅላቱን ፈርሞ የሚቀበል ቤተሰብም ነበረው። የ47ቱን ታማኝነት አከብራለሁ፣ የ16 ዓመቱን ልጅ ሞት ግን ማንም ጌታ ይገባዋል ብዬ አላምንም።

ታኅሣሥ 14 (በፈረንጆች) በየዓመቱ መታሰቢያ በዓል አለ፣ ሰዎች እንደ ሮኒኖቹ ለብሰው ይሰለፋሉ፣ ግቢው በሰው ይሞላል። ሰልፉን ማየት ከፈለጋችሁ ያን ቀን ሂዱ። መቃብሮቹን ግን በአዘቦት ቀን፣ ጠዋት ሄዳችሁ እዩ፣ ዕጣኑንም ለሁሉም እንዲበቃ አድርጋችሁ ግዙ።