የእማዬን ጉልበት ቁርጭምጭሚቷ ላይ አገኘሁት

እማዬ ቁስቋም ስትወጣ ደህና ነች። ስትወርድ ነው የሚያማት። ጎንደር ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ማምለጫ የለውም። ይህን ልዩነት የነገረችኝ ዕለት መንቃት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ፊዚዮቴራፒስት ሆኜም ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉልበቷን ብቻ ሳሽ ሰነበትኩ። ማታ ቀለል ይላታል፣ ጠዋት ያው ነው።

58 ዓመቷ ነው። ራጅ ተነስታ «ልም አጥንትሽ ሳስቷል፣ የዕድሜ ነው» ተብላ ማስታገሻ ይዛ ተመልሳ ነበር። ራጁን እኔም አየሁት። መሳሳቱ እውነት ነው፣ ግን የቀኙም የግራውም እኩል ነው። የሚያማት ቀኙ ብቻ። ዕድሜ ብቻ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

ያኔ ነው ስለ ኦስቲዮፓቲ የተማርኩት ትዝ ያለኝ። አንድሪው ቴይለር ስቲል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1874 እ.ኤ.አ. የጀመረው መንገድ ነው፤ አካል ተያይዞ ነው የሚሠራውና የሚያመው ቦታ ሌላ፣ ችግሩ ያለበት ሌላ ሊሆን ይችላል ይላል። ጉልበት በዳሌና በቁርጭምጭሚት መሃል ነው ያለው። አንዳቸው ሥራቸውን ካልሠሩ ዕዳውን የሚከፍለው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈራውን ለየሁ። አላበጠም፣ አይሞቅም፣ ትኩሳት የላትም፣ ሲታጠፍ አይቆለፍም፣ አልወደቀችም። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ማሸቱን ትቼ ሐኪም ጋ ነበር የምወስዳት። ዳሌዋንም አዟዟርኩት፣ ምክንያቱም የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። ምንም አላላትም።

ከዚያ «እማዬ፣ እስቲ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ» አልኳት። ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተረከዟ ቶሎ ከመሬት ይነሳል። ግድግዳ ፊት አቁሜ፣ ተረከዟን ሳታነሳ ጉልበቷን ግድግዳው ላይ እንድታስነካ ጠየቅኳት። በግራው የእግር አውራ ጣቷ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆም ነካች። በቀኙ ከ4 አላለፈችም።

«ይሄን እግርሽን ተጎድተሽ ታውቂያለሽ?»

«የዛሬ ስንት ዓመት በጥምቀት ታቦት ሸኝቼ ስመለስ ወለም ብሎኝ ወጌሻ አሽቶኝ የለ? ድኗል እኮ ልጄ።»

ሕመሙ ድኗል፣ የቁርጭምጭሚቷ መታጠፍ ግን አልተመለሰም። ቁልቁለት ላይ ቁርጭምጭሚቱ እምቢ ሲል ጉልበቷ ወደ ውስጥ እየዞረ ይሸፍንለታል፣ ጫናውም የጉልበቷ ሎሚ ላይ ይበዛል።

ያደረግኩት ከባድ ነገር አይደለም። እግሯን እስከሚገታበት ድረስ በቀስታ አጥፋለሁ፤ እሷ ለ5 ሰከንድ ያህል እጄን በስሱ ትገፋለች፣ ትለቃለች፣ ከዚያ ትንሽ ይጨምራል። 4 ወይም 5 ጊዜ። ግን በእጅ የተገኘ ለውጥ ካልሠሩበት ይመለሳል፣ ስለዚህ የግድግዳውን እንቅስቃሴና በጎን ተኝቶ እግር ማንሳትን፣ ከበርጩማ ያለ እጅ መነሳትንም በየቀኑ አዘዝኩላት። እዚህ ላይ ተጨቃጨቅን። «መታሸቱ ይበቃኛል» አለች። በመጨረሻ በቡና ታረቅን፦ አቦል እስኪፈላ አንድ ዙር፣ ቶና እስኪደርስ አንድ ዙር።

ከሁለት ወር በኋላ ቀኙ 8 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ቁልቁለቱን ያለ ምርኩዝ ትወርዳለች። ስግደት ሲበዛ አሁንም ያማታል።

እኔም አሠራሬን ቀየርኩ። ጉልበቴን የሚለኝን ሁሉ ጫማ አስወልቄ ነው የምጀምረው። ወለም ያለው ሰው ደግሞ ሕመሙ ስለቆመ ብቻ አላሰናብተውም፣ ግድግዳው ፊት አቆመዋለሁ።