አንገቱን የደፋው ካሜራ

ዛሬ የትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ጭንቅላት፣ ማለትም ካሜራው የሚገጠምበትን ክፍል፣ ልገዛ ወጣሁ። ዓይኔ ያረፈው በኳስ ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚዞረው፣ ቦል ሄድ በሚባለው ላይ ነበር። ትንሽ፣ ቆንጆ፣ ካርቶኑ ላይ «8 ኪሎ ይሸከማል» የሚል።

ሻጩ ሸምገል ያሉ ናቸው። «ሌንስህን ይዘሃል?» አሉኝ። ረጅሙን ሌንሴን ገጠምኩ፣ ማጥበቂያውን አጠበቅኩ፣ ለቀቅኩት። ካሜራው ቀስ... ቀስ ብሎ አንገቱን ደፋ። ልክ እንደ ዓይን አፋር ሙሽራ!

«ኪሎው እኮ ክብደቱ መሀል ላይ ሲያርፍ ነው። ያንተ ወደ ፊት ያደላል» አሉ። «ሰርግ በቪዲዮ የምትቀርጽ ከሆነ ደግሞ ለቪዲዮ የሚሆነውን፣ ለስለስ ብሎ የሚዞረውን ፍሉይድ ሄድ ውሰድ። ቦሉን ወደ ጎን ስታዞረው ምስሉ ላይ አዳራሹን ያጋድልብሃል።»

ወሰድኩ። ከባድ ነው፣ መልኩም አያምርም (ይቅር ይበለኝ)። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው፣ ካርቶን አንብቤ ብቻ የገዛኋቸውን ዕቃዎች ስቆጥር ቤቴ ደረስኩ።