ሰበታ ከመግባቴ በፊት «ማን ሞተ?» ብዬ ጠየቅኩ

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለፋሲካ ሰበታ ገብቼ ሻንጣዬን እንኳን ሳልፈታ ወደ ማዶዋ እትዬ ቤት ተሻገርኩ። በእጄ ከድሬዳዋ ያመጣሁት ሃልዋ አለ። እትዬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ደጋግመን ተሳሳምን። ከዚያ እንደ ልጅነቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጋሼስ? አሁንም ተኝተዋል?» አልኳቸው።

ጋሼ ከሞቱ ስምንት ወር አልፏቸዋል።

እናቴ እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች። ስምንት ወር ሙሉ «ሁሉም ሰላም ነው፣ አንተ ብቻ በደንብ ብላ» ስትለኝ ነበር። ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት፣ «ሰው አገር ብቻህን ቁጭ ብለህ ልታለቅስ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ጋ መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ ነው። ግን በዚህ ደግነት የተነሳ እኔ ሃልዋ አንጠልጥዬ ለቅሶ ቤት ገባሁ። እትዬ ምንም አላሉኝም። ቢላዋውን አስቀምጠው «ግባ ልጄ» ብቻ አሉ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። በማግስቱ ሥራ አለብኝ ብዬ ወደ ድሬ ተመለስኩ።

ዘንድሮ ታህሳስ ላይ የአምስት ቀን ፈቃድ ሳገኝ መጀመሪያ የደወልኩት ለእህቴ ነው።

«እማዬ እንዳትሰማ» አልኳት። «ማን ሞተ?»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ። አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ፖሊስ ሆንክ እንዴ ብላ ሳቀች። ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ሦስት ሰው ሞቷል። ሁለት ቤት አራስ አለ። አንድ ጓደኛዬ እግሩ ተሰብሮ ቤት ውሏል። እናቴና አክስቴ በዕድር ጉዳይ ተኮራርፈዋል፤ ስለዚህ የአንዷን ስም በሌላዋ ቤት ማንሳት የለም። ሃያ ደቂቃ የፈጀ ስልክ ነው። ለዚህ ጉዞ ካደረግኩት ዝግጅት ሁሉ እንደሱ የጠቀመኝ የለም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ሁልጊዜ የምሄደው በበዓል ነበር። በዓል ደግሞ ለጥየቃ አይመችም። ሰው ሁሉ በየቤቱ እንግዳ አለው። የሌለው ደግሞ «ልጁ ከስንት ጊዜ በኋላ መጥቶ» እያለ ተበድሮም ቢሆን ዶሮ ያርዳል። አራት ቤት ዶሮ ወጥ በልቶ አምስተኛው ቤት «በሞቴ» ሲባል ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። በገና ጾም ግን ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ተልባ አለ። አስተናጋጁ አይሳቀቅም፤ እኔም ሆዴን ይዤ አላድርም። ከአሁን በኋላ በጾም ነው የምሄደው።

አንድ ችግር ብቻ አለው። ታህሳስ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው። ቁልቢ ደግሞ መንገዱ የእኔው መንገድ ነው። በዓሉ ሲቃረብ ወደ ድሬዳዋ አቅጣጫ የሚሄድ ወንበር ማግኘት ሎተሪ ነው። ስለዚህ ከ14 በፊት ልመለስ ቆርጬ ታህሳስ 8 ተነሳሁ።

የሄድኩት በባቡር ነው። እዚህ ላይ ሁሌ የሚያስቀኝ ነገር አለ። መስከረም 2009 ላይ የተመረቀው የኢትዮጵያ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ የሚጀምረው የት ነው? ሰበታ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐዲድ መነሻው የእኛ ሰፈር ነው። መንገደኛ ግን የሚወርደው ለቡ ነው። ስለዚህ የሰበታ ልጅ ለቡ ወርዶ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ታክሲ ይዞ አየር ጤና ይሄዳል። ከአየር ጤና ደግሞ «ዓለም ገና ሰበታ፣ ሰበታ ሰበታ!» የሚል ረዳት ይፈልጋል። ካራ ቆሬ፣ ወለቴ፣ ዓለም ገና እያለ መንገዱ ይጨናነቃል። ድሮ በነዚህ መሃል ሜዳ ነበር፤ ከብት ይግጥበታል፣ ጤፍ ይዘራበታል። አሁን የትኛው አልቆ የትኛው እንደጀመረ የሚለየው ረዳቱ ሲጮህ ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሌሎቹም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ሰው ግን ያው ሰበታ ነው የሚለው።

ከሚኒባስ ስወርድ ብርዱ ተቀበለኝ። ድሬ በሸሚዝ የሚሄድ ሰው ጃኬት ይረሳል። እኔም ረሳሁ። አምስቱን ቀን በአባቴ ካፖርት ነው የዞርኩት። እጅጌው ሁለት ጣት ያህል ያጥረኛል።

ማታ እራት በልተን ስልኬን አወጣሁና ለእናቴ ፕሮግራሜን አነበብኩላት። ተጨንቄ ያወጣሁት ነው። አስራ ሁለት ቤት፣ በየሰዓቱ ተደልድሏል። ቅርብ ከቅርብ ጋር፣ ሩቅ ከሩቅ ጋር። ጨርሼ ቀና ስል ጋቢዋን እያስተካከለች፣ «ይሄን ማን አስተማረህ?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ልጅ የወለደችዋ ቤት ሦስት ሰዓት፣ ለቅሶ ቤት አራት ሰዓት ትላለህ። ለቅሶ የሚደረሰው ማለዳ ነው። ሳትቀምስ። ከለቅሶ ቤት በቀጥታ አራስ ቤት አይገባም። አማቶቿ ሳይጠየቁ ሙሽራዋ አትጠየቅም። የክርስትና አባትህንስ አርብ ያደረግኸው ከማን አንሰው ነው?»

ስልኩን ዘጋሁት። «እሺ አንቺ ንገሪኝ» አልኳት። የሰፈሩን ካርታ በጭንቅላቷ ይዛዋለች፤ ርቀቱን ሳይሆን ማን ማንን እንደሚቀድም። ቀድሜ ለእሷ ብተወው ኖሮ ያንን ሁሉ ማታ አላባክንም ነበር።

የመጀመሪያው ቤት የማዶዋ እትዬ ሆነ። ለቅሶው ከተደረሰ ሁለት ዓመት ያለፈው ነው፤ እኔ ግን ገና አልደረስኩትም። እናቴ «ባዶ እጅህን ግባ፣ ዛሬ የሚያስፈልገው አንተ ነህ» ብላ ላከችኝ። ገብቼ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ለማለት ሞከርኩ፤ «እግዜር ያጥናዎት» ከሚለው በላይ አልመጣልኝም። ዝም አልን። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ዝምታውን ለመሙላት ስለ ድሬ ሙቀት አወራ ነበር።

መደርደሪያው ላይ የጋሼ ሬዲዮ አለች። ጋሼ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ፤ እጃቸው የገባ ነገር ሁሉ በከመነዳሪ ላስቲክ ይታሰራል። ሬዲዮዋም ጀርባዋ በጥቁር ከመነዳሪ ሁለት ዙር ታስራለች፣ ፊቷ አቧራ እንዳይገባ በላስቲክ ተሸፍኗል። አንቴናዋ ተሰብሮ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ተተክቶበታል። ሳያት እትዬ አዩኝ።

«ባትሪ እየገዛሁላት ነው» አሉኝ። «ዜናውን አልሰማውም። ሁለት ሰዓት ሲሆን ከፍቼ ሥራዬን እሠራለሁ።»

ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስለ ሃልዋው፣ «ተኝተዋል?» ስላልኩት። እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አድርገው ሳቁ። የለቅሶ ሳቅ አልነበረም፤ የምር ሳቁ።

«አንተ ሞኝ» አሉኝ። «ሰፈሩ ስምንት ወር ሙሉ ነፍስ ይማር ሲለኝ ከርሞ፣ አንድ ሰው መጣና ተኝተዋል ወይ አለኝ። እኔም እኮ ለትንሽ ጓዳ የተኙ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ደግሞ ሃልዋውን በላሁት። ጥሩ ነበር። ዘንድሮ አላመጣህም?»

አምጥቻለሁ። ሮጬ ሄጄ ከቤት አመጣሁላቸው። «በቅቤ ነው በዘይት?» ብለው አገላብጠው አዩት። አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያው ለገና» ብለው ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ሌሎቹን ቤቶች አልዘረዝርም። ሁለቱ ለቅሶ ቤቶች ከባድ ነበሩ፤ በተለይ አብሮኝ የተማረው ልጅ ቤት። እኔን ሲያዩ እንደ አዲስ ነው ያለቀሱት። አራስ ቤቶቹ ደግሞ ቀላል ናቸው፤ ትይዛለህ፣ «ማንን ይመስላል?» ትባላለህ፣ አባቱን ትላለህ፣ ትወጣለህ። ለመጠየቂያ ቡናና ስኳር ከሰበታ ገበያ በግማሽ ግማሽ ኪሎ አስቋጥሬ ነበር። ለልጆችና ለአዛውንት የሚሰጥ ደግሞ ባለ መቶና ባለ ሃምሳ ብር ዘርዝሬ በተለያየ ኪስ ያዝኩ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አንዲት አሮጊት ፊት ቆሞ ሁለት መቶ ብር ለማውጣት ቦርሳ መበርበርና እሳቸው ሲስሙህ ቀስ አድርጎ እጃቸው ውስጥ ማስጨበጥ አንድ አይደለም።

ወደ ጓደኞቼ ልምጣ። ባለፉት ጉዞዎች አንድ ስህተት እደጋግም ነበር፤ ሁሉንም መሃል አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ እጠራቸዋለሁ። አንዱ በትራፊክ ይቀራል፣ አንዱ ሥራ ጥሎ ይመጣና ስልኩን ሲያይ ያመሻል፣ ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ግብግብ። ዘንድሮ ጎሚስታ ቤት ያለው ጓደኛችን ጋ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ቀጠሮ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ነኝ ብዬ ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ፤ በቃ።

ገና ሲያየኝ «ወሪያ! አቦ የድሬው ልጅ!» ብሎ ሰፈሩን ቀወጠው። ከጥግ አሮጌ የሲኖትራክ ጎማ አንከባሎ አመጣልኝና ካርቶን አነጠፈበት። ወንበሬ እሱ ሆነ። መንገድ ዳር ጀበና የምታፈላው ልጅ ቡና አመጣች፣ ቆሎ አመጣች። እሱ ሥራውን አላቆመም። ጎማ ይፈታል፣ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል፣ እዚያው ላይ ሆኖ ያወራል። መሃል ላይ ባጃጅ ይመጣና ወሬው ይቋረጣል። «ያዝልኝ እስቲ» ሲለኝ ፌሮውን እይዝለታለሁ። እንዲህ ሲሆን ሰው ይናገራል። ፊት ለፊት ካፌ ውስጥ ተቀምጠን «እሺ፣ ሌላስ?» ስንባባል ያላወራነውን ሁሉ እዚያ አወራን። ሚስቱ ከቤት ወጥታ መመለሷን የነገረኝ ከመነዳሪ በሞረድ እየፋቀ፣ ቀና ሳይል ነው።

ከዘጠኛችን አራት መጣን። እግሩ የተሰበረው በባጃጅ መጣ፤ ክራንቹን ጎማ ላይ አስደግፎ እንደ ንጉሥ ተቀመጠ። አንዱ ጥግ ወስዶ ብር ጠየቀኝ። ይሄን ጠብቄው ነበር። ከድሬ ሳልነሳ፣ ማንም ቢጠይቀኝ ይመለሳል ብዬ ሳላስብ የምሰጠው ይሄን ያህል ነው ብዬ ለይቼ ነበር። የጠየቀውን ሳይሆን የለየሁትን ሰጠሁት። ትንሽ ቅር አለው፤ ከዚያ መጥቶ አብሮን ሳቀ። ቅርታው ያለፈ ይመስለኛል።

የከሸፈብኝም አለ። ሦስት ቤት ሳልደርስ ቀረሁ። አንደኛው የክርስትና አባቴ ናቸው፤ እናቴ ሐሙስ ብላኝ እኔ በቡናው ምክንያት ወደ አርብ ያሻገርኳቸው። ሐሙስ ዕለት ገና አቦሉን ጠጥቼ ልነሳ ስል «በረካው ሳይወርድ?» ተብዬ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ቀረሁ። አርብ ስሄድ እሳቸው ሆለታ ሄደዋል። ደወልኩላቸው። «በስልክማ ድሬም ሆነህ ትደውላለህ» ብለው ዘጉት። ልክ ናቸው። በቀን ከሦስት ቤት በላይ ማቀድ ራስን ማታለል ነው። ለሚቀጥለው በቀን ሁለት ብዬ ይዣለሁ።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በአራተኛው ማታ ስገባ እናቴ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል። እራቴ ተከድኖ ተቀምጧል። አሰብኩት፤ ሰፈሩን ሁሉ ስጠይቅ ከእሷ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ አላወራሁም። የመጨረሻውን ቀን ሰረዝኩት። ጠዋት እሷ ምስር ለመልቀም ሰፌድ ስታወጣ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ለቀማ ጀመርኩ። ጠጠሩን በጣቷ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ እየገፋች፣ ሳልጠይቃት፣ የጋሼን የመጨረሻ ሳምንት ነገረችኝ። ማን እንዳነሳቸው፣ ምን እንዳሉ፣ ብስክሌታቸው ለማን እንደተሰጠ። ከዚያ ስለ አክስቴ ነገረችኝ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጭምር። ከዚያ ስለ ጉልበቷ ሕመም። ስምንት ወር እንዳመማት ያወቅኩት በዚያን ሰዓት ነው። ይሄ በእህቴም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ለእሷም አልተነገራትም።

በማግስቱ በ13 ተነሳሁ። እትዬ በር ላይ ጠብቀው አንድ ፌስታል ቆሎ አሲያዙኝ።

ድሬ ከገባሁ በኋላ የመጣው እሁድ እናቴ እንደ ልማዷ ደወለች። «ሁሉም ሰላም ነው፣ አንተ ብቻ...»

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

ትንሽ ዝም አለች።

«የሞተ የለም» አለች። «የታመመ ግን አለ። እሱን እህትህን ጠይቃት፣ እኔ አልነግርህም።»