ምቱ ከእጅ ይጀምራል፦ የመጀመሪያ ዓመቶቼ በአውስትራሊያ ፉቲ

ፉቲ በሞላላ ኳስ፣ በእግርም በእጅም የሚጫወቱት የአውስትራሊያ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በ8 ክለብ የጀመረው የሴቶች ፉቲ ሊግ፣ ኤኤፍኤልደብሊው፣ ከ2022 ወዲህ 18 ክለብ አለው። ቦታው ስለሰፋ ከእግር ኳስም ከቅርጫት ኳስም ዘግይተን የመጣን ብዙ ነን። ከእግር ኳስ ለመጣ ሰው ምት ማለት እግር ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ኳሷን ከእጅ ወደ እግር መጣል፣ አጣጣሉ ነበር።

ዋናው ምት ድሮፕ ፓንት ይባላል። ሞላላዋን ኳስ አቁመሽ፣ ማሰሪያዋን ወደ ውጭ አዙረሽ፣ ጣቶችሽን ዘርግተሽ ከሁለት ጎን ትይዣታለሽ። በቀኝ የምትመቺ ከሆነ ግራ እጅሽ ቀድሞ ይለቃታል፤ ቀኝ እጅሽ በሚመታው እግር አቅጣጫ ዝቅ አድርጎ ይጥላታል። ከደረትሽ ላይ ከለቀቅሻት አየር ላይ ለመዞር ጊዜ ታገኛለች፣ ነፋስም ይገፋታል። ወደ ሌላኛው እግር ካዘነበለች ምቱ ይጠመዘዛል። የእግርሽን ጣቶች ወደ ፊት ወጥረሽ፣ በታኬታው ማሰሪያ በኩል ባለው ጠንካራ የእግር ክፍል የታችኛውን ጫፏን ትመቻለሽ። በትክክል ከተመታች ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እየተንገዳገደች ከሄደች እግርሽን አትውቀሺ፤ መጀመሪያ እጅሽን እዪ።

ያስተካከልኩት በነጭ መስመር ነው። ከልምምድ በፊት የሜዳውን መስመር ከሚመታው እግሬ ፊት አድርጌ፣ ሳልመታ 30 ጊዜ እጥላለሁ። ጫፏ መስመሩን ካልነካ አልቆጥረውም። ቀጥሎ በእያንዳንዱ እግር 40 ምት፤ ሳልደክም በደካማው እግር እጀምራለሁ። ርቀቱ ከ15 ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ማርክ የሚቆጠረው፣ ማለትም ኳሷን አየር ላይ የያዘችው ሳትነካ የመጫወት መብት የምታገኘው፣ ምቱ ቢያንስ 15 ሜትር ከተጓዘ ነውና። በመጀመሪያው ዝግጅቴ ግን ረጅም ምት ላይ አተኩሬ ብሽሽቴን አሳመምኩ። ያ ስህተት ነበር። አጭርና ንጹሕ ምት ከሁሉ በፊት ይቀድማል።

በእጅ ስታቀብዪ ኳሷን በአንድ መዳፍ ይዘሽ በሌላው እጅ ቡጢ ትመቻታለሽ። ከወረወርሻት ቅጣት ምት ለተጋጣሚ ይሰጣል፤ ከቅርጫት ኳስ የመጡት እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘችውን ተጋጣሚ ጨምድዶ ማቆም፣ ከትከሻ በታች፣ ከጉልበት በላይ ብቻ ነው። ራስሽን ከጎኗ አድርጊ፣ ትከሻሽ ወገቧን ይንካ፣ እጆችሽን ጠቅልዪ፣ ከዚያ ወደ ጎን ውደቂ። ጀርባዋ ላይ ከወደቅሽ ቅጣቱ አንቺ ላይ ነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር። የዌስተርን ቡልዶግስ ክለብ ሜዳ ያለበት፣ ሜልበርን ውስጥ ያለው ፉትስክሬይ የሐበሻ ምግብ ቤት የሞላበት ሰፈር ነው። ሽሮ እወዳለሁ፣ ግን ለግጥሚያ ቀን ሆድ ይነፋል፤ ሩዝና ዳቦ በልቼ ሽሮውን ለማታ አቆየዋለሁ።

ከሁሉ አጥብቄ የምለምናችሁ ግን ለጉልበታችሁ ነው። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካሽ ነው፤ ከዝላይ ስታርፊ ወይም በድንገት አቅጣጫ ስትቀይሪ፣ ጉልበትሽ ብዙ ሳይታጠፍ ወደ ውስጥ ሲገባ። ሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ስለዚህ ኳስ ከመንካቴ በፊት በአንድ እግር እዘልና አርፌ 3 ሴኮንድ እቆማለሁ፤ በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ። ስልኬን ፊት ለፊት አቁሜ እቀርጻለሁ። ጉልበቴ ከእግሬ ሁለተኛ ጣት አልፎ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ዝላዩን ዝቅ አድርጌ እደግመዋለሁ፤ ከጣቱ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ወደ ሩጫ አልሄድም።