ቢጫው ሁሉ አደይ አይደለም

የመስከረም ቢጫ አበባ ሁሉ አደይ እየመሰለኝ ነው ያደግሁት። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች አደይን የምናውቀው ለእንቁጣጣሽ በእቅፍ ሲሸጥ፣ ከዚያም ደመራው ላይ ታስሮ ነው። ቅጠሉን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18፣ ብስክሌቴ ላይ ድንኳንና ልብስ ጭኜ በእንጦጦ በኩል ወጣሁ። ሐሳቤ ደብረ ማርቆስ መድረስ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህን መንገድ በአውቶቡስ ስንቴ ተመላልሼበታለሁ፤ ሜዳው ቢጫ ነበር ከማለት በቀር ትዝ የሚለኝ ነገር የለም። በብስክሌት ግን ዳገቱ ሲጀምር ማርሹን ቀንሰህ በእግረኛ ፍጥነት ትሄዳለህ። ያኔ የመንገዱ ዳር አንድ በአንድ ይታይሃል።

ደብረ ጽጌን እንዳለፍኩ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። (ደብረ ጽጌ ማለት የአበባ ተራራ ነው፤ በዚያ ወቅት ላየው ሰው ስሙ ይገባዋል።) ካላማዳሪውን አውጥቼ ማስቲሹ እስኪደርቅ ስጠብቅ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ ቦዩ ዳር ያለውን አበባ እያሳየሁት «አደይ እንዴት ያምራል!» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ሀዳ ነው» አለኝ። ከዚያ ቦዩን ተሻግሮ ሌላ አበባ ቀጥፎ መጣ፤ «ኬሎ ይሄ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ሁለቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ኬሎ በኦሮምኛ አደይ ነው።

አበባቸውን ብቻ ላየ ሰው መንትያ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ቅጠላቸው ላይ ነው። የአደዩ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ፣ ለስለስ ያለ ነው። የሀዳው ግን ያልተከፋፈለ ነው፤ ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ግንዱንም ከግራና ከቀኝ አቅፎ ይይዛል። ሀዳ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ገበሬው የማይዘራው፣ ራሱ የሚበቅል ኑግ በሉት። ጎማውን ነፍቼ ስነሳ ሁለቱንም ቅጠሎች ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አስገባኋቸው። ከዚያ በኋላ ቢጫ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቅጠሉ ሆነ። ሜዳው ሙሉ አደይ ነው ስል የኖርኩበት ቦታ ብዙው ሀዳ ነበር።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ መውረድ ፍሬን ይዞ መንቀጥቀጥ ነው፤ እየወረድኩ ስሄድ ሙቀቱ ጨመረ፣ ቢጫውም ሳሳ። ሽቅቡን አላወራውም። ግማሹን እየገፋሁ ነው የወጣሁት። ደጀን አፋፍ ልደርስ ስል ግን አንድ የኮሸሽላ ቁጥቋጦ አስቆመኝ። እሾሃም ቅጠሉ መሀል አበባው እንደ ፍም ቀልቷል፤ አንዲት የአበባ ወፍ ቀጭን ምንቃሯን ከአንዱ ወደ ሌላው ትነክራለች። እናቴ ኮሸሽላ የምትለው ሌላ ነው፤ አበባው እንደ ኳስ የሚድቦለቦለውን። ሁለት የማይዛመዱ ተክሎች በእሾሃቸው ምክንያት አንድ ስም ይጋራሉ። ይህ ቀዩ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅልም፤ እኛ ደግሞ ቆርጠን አጥር እናደርገዋለን፣ እናነደዋለን። ወፏ እስክትሄድ ቆሜ አየሁት።

ከደጀን በኋላ ውሃ የሰጡኝን እናት የደጃቸውን ቢጫ እያሳየሁ «እማማ፣ ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» አልኳቸው። ቅጠሉን አይቼ ሀዳ መሆኑን አውቄዋለሁ።

«መጭ ነዋ! አገርህ የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ንቦቼ አሁን እሱ ላይ ናቸው። ጥቅምት መጥተህ ማሩን ቅመስ።»

ሰላሌ ሀዳ ያለኝ አበባ አባይን ስሻገር መጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ሁለቱንም ስም ከቅጠሉ ጎን ጻፍኳቸው።

ደብረ ማርቆስ ማታ ደርሼ ካልሲዬን ሳወልቅ ጭጎጎት ወሮታል። እየነቀልኩ አንዱን ለአምፖሉ አስጠግቼ አየሁት፤ ጥቁር ቀጭን ፍሬ፣ ጫፉ ላይ ሁለት፣ አንዳንዱም ሦስት ጥርስ። ይህ ሁሉም የሚረግመው ጭጎጎት የአደይ የሥጋ ዘመድ ነው። ቢደንስ የሚባለው የሳይንስ ስማቸው አንድ ነው፤ በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። አንዷን ፍሬ ልጁ ከሰጠኝ የኬሎ ቅጠል አጠገብ በፕላስተር ለጠፍኳት።