ብርሃን የሚገባባቸው የኮራል መሿለኪያዎች

በ2001 ዓ.ም. የጂኦሎጂ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን በደናክል ዝቅታ ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ ከመሬት አንሥተው ከእጅ ወደ እጅ አዞሩልን። ድንጋዩ ኮራል ነበር፤ በጥቃቅን ኮከቦች የተሞላ። እያንዳንዱ ኮከብ በአንድ ወቅት የአንዲት ትንሽ የባሕር እንስሳ ቤት እንደ ነበረ ነገሩን። ከ120 ሺህ ዓመት ግድም በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ድረስ ይገባ ነበር፤ ውኃው ሲደርቅ ኮራሉ በጨው ሜዳው ዙሪያ እንደ እርከን ተደርድሮ ቀረ። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣ ነበር፤ እኔ ግን ድንጋዩን ለሚቀጥለው ተማሪ ለማቀበል እጄ እንቢ አለኝ። በሕይወት ያለውን ማየት አለብኝ ያልሁት ያኔ ነው።

እስካየው አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አሁን የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ፈቃዴን ይዤ ወደ ግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ እወርዳለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በሞቀ ውኃ ውስጥ፣ ኮራል ከግራና ከቀኝ ከቦኝ፣ ከላይም ተጋጥሞብኝ፣ በመካከሉ ሾልኬ የማልፍበት መንገድ።

መጀመሪያ የሄድሁት ሲና ውስጥ ወዳለችው ዳሃብ ነበር፤ መሿለኪያ የሚፈልግ ጠላቂ ቀድሞ የሚሰማው የእርሷን ስም ነውና። «ካንየን» የሚባለው የባሕር ወለል ስንጥቅ ወደ 30 ሜትር ይወርዳል። «ቤልስ» ደግሞ ከዳርቻው ሥር እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ነው፤ በ27 ሜትር ግድም ወደ ክፍት ባሕር ያወጣል። ሁለቱም ያስደንቃሉ። ይሁን እንጂ ጥልቀት ጠላቂው በጀርባው የተሸከመውን አየር ይበላል። በ10 ሜትር ላይ አንዱ ትንፋሽ የሚወስደው አየር ከውኃ በላይ ከሚወስደው እጥፍ ነው፤ በ30 ሜትር አራት እጥፍ ይሆናል። የካንየንን ግድግዳ ገና በዓይኔ መዳሰስ ስጀምር የግፊት መለኪያዬ «ውጪ» አለኝ። በማግስቱ ደግሞ ያስጠለቀን ድርጅት ስምንት ሰው በአንድ መስመር አስገባ። ከፊት ያሉት እግራቸው ላይ ባጠለቁት የመዋኛ ክንፍ አሸዋውን ቀሰቀሱት፤ መጨረሻ ላይ የነበርሁት እኔ ከራሴ እጅ በቀር የማየው ነገር አልነበረም። በዚያ ጭጋግ ውስጥ የአንድ ሰው ክንፍ ቅርንጫፍ ኮራል ሲሰብር የተሰማኝ ቀጭን ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ዳሃብ አጠገብ ያለውን፣ ብሉ ሆል የሚባለውን ጥልቅ የባሕር ጉድጓድ ጠላቂ ሁሉ ያውቀዋል። ከጉድጓዱ ወደ ክፍት ባሕር የሚያሳልፈው ቅስት ከ50 ሜትር በታች ነው፤ ለመዝናኛ ጠላቂ የተቀመጠው የመጨረሻ ጥልቀት ግን 40 ሜትር ነው። ዳርቻው ላይ በውኃው ውስጥ የቀሩ ሰዎች ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ዐለቱ ላይ ተለጥፈዋል። አንድ በአንድ አነበብኋቸው፤ አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ቅስቱ ሲያወራልኝ ጨዋታውን ወደ ደቡብ እወስደዋለሁ።

ደቡብ ስል ከግብፅዋ የባሕር ዳር ከተማ ከማርሳ ዓለም ወደ ታች፣ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደውን ባሕር ማለቴ ነው። እዚያ ፉሪ ሾልስ በሚባሉት የኮራል ዐለቶች መካከል «ሻዓብ ክላውዲያ» አለ። መሿለኪያዎቹ ያሉበት ጥልቀት 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። ኮራል ወደ ብርሃን ያድጋል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ዓምዶች ከላይ ሲገናኙ ጣሪያ ይሆናሉ፣ ከሥር መተላለፊያ ይቀራል። ጣሪያው ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ከቀትር ጥቂት ቀደም ብለን ገባን። በቀዳዳዎቹ ሁሉ ብርሃን እንደ ተወጠረ ገመድ ይወርድ ነበር፤ ነጩ አሸዋ ላይ ሲያርፍ ከማዕበሉ ጋር ይወዛወዛል። በአንዱ ጓዳ ውስጥ ሰውነታቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ትናንሽ ዓሦች በሺህ ተሰብስበው ነበር፤ ስጠጋ እንደ መጋረጃ ተከፈሉ፣ ሳልፍ ከኋላዬ ተዘጉ። የእጄ ኮምፒውተር ውኃው 29 ዲግሪ እንደ ሆነ ያሳያል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። ዋኘሁ ከማለት ተመላለስሁ ብል ይሻላል፤ አንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ ደግሜ ገብቼበታለሁ።

ከዚያም ወደ ደቡብ የቅዱስ ዮሐንስ ዐለቶች አሉ። «ዋሻዎቹ» የሚባለው ቦታ ከክላውዲያም ይበልጥ ጠባብና ጠምዛዛ ነው፤ ወደዚያ የሚደረሰው ግን እየታደረበት በሚጓዝ ጀልባ ነው። ዋጋው ከበድ ይላል። ገንዘቡን ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ስለዚህ፣ የምጠልቅበትን ቦታ ስመርጥ «ምን ያህል ጥልቅ ነው?» ብዬ የምጠይቀው በኩራት አይደለም፤ ትንሽ ቁጥር መስማት እፈልጋለሁ። ገና ስገባ የመውጫው ብርሃን ይታየኛል ወይ? በስንት ሰዓት ነው የምንገባው? ፀሐይ ካዘቀዘቀች የብርሃኑ ገመድ የለም። መሪያችን ስንት ሰው ይዞ ይገባል? «ከአራት በላይ» ካለኝ ሌላ ጀልባ እፈልጋለሁ። ጣሪያው ሥር ብዙ መቆየትም ጥሩ አይደለም፤ የምናስወጣው አየር ጣሪያው ላይ ተከማችቶ እዚያ የተጣበቁትን ፍጥረታት ከውኃ ያራቁታል፣ ይገድላቸዋል።

እናቴ በአንድ የገና በዓል ላሊበላ ሄዳ በቤተ ክርስቲያኖቹ መካከል ባለው ጨለማ ዋሻ ውስጥ በእግሯ አልፋለች። ስለ ክላውዲያ ስነግራት «እጅሽን ግድግዳው ላይ እያሳረፍሽ ሂጂ፣ ልጄ» አለችኝ። እርሷ ያለፈችው እንደዚያ ነው። የኔ ግድግዳ ግን ሕያው ነው፤ ቢነካ ይቆስላል። ለዚህ ነው ወደ መሿለኪያ ከመግባት በፊት በአንድ ቦታ ተንሳፍፎ መቆምን መልመድ የሚያስፈልገው። እኔ ይህን ለመልመድ ሃያ ጠለቃ ፈጅቶብኛል፤ እስከዚያ ድረስ ከውጭ ሆኜ ማየት ነበረብኝ።

የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት ላይ ፓላንካር የሚባል የኮራል ዐለት አለ፤ የኮራል ዓምዶቹና መሿለኪያዎቹ በጣም ያጓጉኛል። አንድ ቀን እደርስ ይሆናል።

ጠልቆ በዚያው ሰሞን ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ካለ ይህን ያስብ፦ በጠለቃ ጊዜ ወደ ሰውነት የገባው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ሊጎዳ ይችላል፤ ከተማዋ ያለችበት ከፍታ የበረራ ላይ የአውሮፕላን ክፍል አየር ከሚስተካከልበት ከፍታ ጋር ይቀራረባል። በአውሮፕላን ከመሳፈር በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ምክር ነው፤ እኔ አንድ ሙሉ ቀን እጠብቃለሁ፣ እናቴንም አንድ ቀን አስጠብቃታለሁ።

ባለፈው ጉዞ የመጨረሻው ምሽት ላይ ጀልባችን ከቆመበት አጠገብ በ6 ሜትር ውኃ ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዤ ገባሁ። ቀን ድንጋይ መስሎ ያየሁት አንድ ክብ ኮራል ሌሊት ተለውጦ ነበር። ያ በደናክል በእጄ የያዝሁት ኮከብ ሁሉ ተከፍቷል፤ ከእያንዳንዱ ኮከብ ውስጥ ጥቃቅን ጣቶች ወጥተው ውኃውን ይዳስሳሉ፣ ይበላሉ። የባትሪዬን ብርሃን በመዳፌ ጋረድሁት፤ ሌላውን እጄን ከኋላዬ አድርጌ፣ የአየሬ ግፊት ቀንሶ 60 ባር፣ የመውጫዬ ልክ፣ እስኪደርስ ድረስ እዚያው ተንሳፍፌ ቆየሁ።